ምን አጎደለው ሳይባል ጉንጭ አይሞላም

ጥያቄው በአጭሩ፦ «47 ዓመቴ ነው፣ አራት ኪሎ አካባቢ መሥሪያ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ጉንጬ እየገባ ሄዶ ያገኘኝ ሁሉ ‹ምነው ከሳሽ? አሞሽ ነበር እንዴ?› ይለኛል። ሚዛን ላይ ብዙም አልቀነስኩም። ከላይኛው መንጋጋ ጥርሶቼ በግራ ሁለት፣ በቀኝ አንድ ተነቅለዋል። ጎረቤቴ ያመጣችልኝን ‹ጉንጭ የሚሞላ› ነጭ ክኒን ስወስድ ወር ከግማሽ ሆኖኛል፤ ፊቴ ትንሽ ሞላ ብሏል። ጸጉር የምሠራበት ሳሎን ደግሞ አሥር ዓመት የሚቆይ መርፌ አለ አሉኝ። የልጄ ሰርግ ጥር ላይ ነው፣ አሁን ጥቅምት ሆነ። ፊለር ይሻለኛል ወይስ የራሴን ስብ? ጉዳትስ የለውም?»

የጠየቁኝ ስለ ፊለር፣ ማለትም በመርፌ ቆዳ ሥር ስለሚገባ መሙያ፣ እና ስለ ስብ ነው። እኔን ያስደነገጠኝ ግን በመሀል ጣል ያደረጉት ክኒን ነውና ከእሱ ልጀምር።

ያለ ማሸጊያ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር፣ በሳምንታት ውስጥ ፊት የሚሞላ ትንሽ ክኒን ታካሚዎቼ ይዘውልኝ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ዴክሳሜታዞን ወይም ፕሬድኒሶሎን ሆኖ አገኘዋለሁ። ሁለቱም ስቴሮይድ ናቸው። አንዳንዴ ሳይፕሮሄፕታዲን የሚባል አብሮ ይሰጣል። እሱ የአለርጂ መድኃኒት ነው፤ የምግብ ፍላጎት ስለሚከፍት ነው ለማወፈሪያ የሚሸጡት። ቀን ቀን እንቅልፍ እንቅልፍ የሚልዎት ከሆነ እሱም ሳይኖርበት አይቀርም። ስቴሮይድ የጠፋውን የጉንጭ ስብ አይመልስም። ሰውነት ጨውና ውሃ እንዲይዝ ያደርጋል፣ ስቡንም ከእጅና ከእግር እያነሳ ፊት፣ ማጅራትና ሆድ ላይ ያከማቸዋል። እኛ ሐኪሞች «የጨረቃ ፊት» የምንለው ይህ ነው። ጎረቤት «አማረብሽ» ሲል በውስጥ ስኳር ይወጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ አጥንትና ቆዳ ይሳሳል፣ ተኝቶ የነበረ ቲቢም ሊነሳ ይችላል።

ይህን አንብበው «እንግዲያው ዛሬውኑ ጣልኩት» እንዳይሉ ደግሞ እለምንዎታለሁ። ስቴሮይድ ከሦስት ሳምንት በላይ ሲወሰድ ከኩላሊት በላይ ያሉት አድሬናል ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል (የሰውነትን ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ) መሥራት ሊያቆሙ ይችላሉ። ክኒኑ ድንገት ሲቀር ሰውነት ባዶ እጁን ይቀራል፦ ድካም፣ ማስመለስ፣ የግፊት መውረድ፣ ራስን መሳት፣ ሲብስም ሞት። ክኒኑን በእጅዎ ይዘው በዚህ ሳምንት የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ስቴሮይድ ከሆነ መጠኑን ቀስ በቀስ እየቀነሰ ያስቆምዎታል። ከዚያ በፊት እኔ መርፌ አላነሳም። በእብጠት ላይ የተለካ ጉንጭ እብጠቱ ሲወርድ ልኩ ይበላሻል፣ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰውም ኢንፌክሽን ቶሎ ይይዘዋል።

አሁን ወደ ጉንጩ። «ሚዛን ላይ ብዙም አልቀነስኩም» ብለዋል። «ብዙም» የምትለዋ ቃል አትበቃኝም። ሰው ሳያስበው ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ከቀነሰ፣ 60 ኪሎ ለነበረ ሰው 3 ኪሎ ማለት ነው፣ ምርመራ ያስፈልገዋል። የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ ስኳር፣ ቲቢ፣ ኤችአይቪ፣ የጨጓራና የአንጀት ችግር፣ ካንሰርም ሳይቀር መጀመሪያ ፊት ላይ ሊታይ ይችላል። የደም ምርመራው ቀላል ነው፤ ሳል ካለም የደረት ራጅ ይጨመራል። በሁዳዴ 55 ቀን የሚከሳ ፊት ከፋሲካ በኋላ ይመለሳል፤ የምንፈልገው የማይመለሰውን ነው። የጎደለው አንድ ጎን ብቻ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ግማሽ ፊትን የሚያመነምኑ የቆዳና ከቆዳ ሥር ያለው ሥጋ በሽታዎች አሉና ማንም መርፌ ከመውጋቱ በፊት የቆዳ ሐኪም ይየው።

«አሞሽ ነበር እንዴ» የምትለዋ ጥያቄ ለምን እንደምታቆስል ይገባኛል። በዚህ ከተማ የገባ ጉንጭ ለብዙ ዓመታት የአንድ በሽታ ምልክት ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. በነጻ መሰጠት ሲጀምር ከሚሰጡት አንዱ ስታቩዲን ነበር። ሕይወት አትርፏል፤ ነገር ግን የፊትን ስብ ያቀልጥ ነበር። ሰዉ ድኖ፣ ወደ ሥራው ተመልሶ፣ ፊቱ ግን ያሳብቅበት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 አገሮች ስታቩዲንን ቀስ በቀስ እንዲተዉ መከረ፤ ዛሬ የሚሰጡት መድኃኒቶች ያንን አያደርጉም። ይህን የማነሳው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬ ለውበት ከምንጠቀምባቸው መሙያዎች ሁለቱ አሜሪካ ውስጥ መጀመሪያ ፈቃድ ሲያገኙ ለእነዚሁ ታካሚዎች ነበር፦ ፖሊ ላክቲክ አሲድ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት በ2006። ስለዚህ «ይህ የሀብታም ቅንጦት ነው» የሚል ሰው ቢገጥምዎ አይሸማቀቁ።

በሽታ ከሌለ የሚቀረው ዕድሜ ነው። የፊት ስብ እንደ አንድ ብርድ ልብስ የተነጠፈ አይደለም፤ እያንዳንዱ የራሱ ድንበር ያለው ክፍልፍል ነው፣ ከላይ አንድ ረድፍ፣ ከሥር አጥንቱን ተደግፎ ሌላ ረድፍ። በዕድሜ ቀድሞ የሚሟሽሸው የሥረኛው ነው። የላይኛው መንጋጋ አጥንትም ወደ ኋላ ይሸሻል። ድንኳኑ ሳይቀደድ ምሰሶው ሲያጥር ሸራው ይረግባል፤ የእርስዎም ቆዳ እንዲሁ ነው። የእኛ ጠቆር ያለ ቆዳ ከፀሐይ ስለሚከላከልልን መጨማደዱ ዘግይቶ ይመጣል፣ ስለዚህ ብዙ ሐበሻ ላይ እርጅና መጀመሪያ የሚታየው በጉንጭ መጉደል ነው። (ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ላይ እየኖርን የፀሐይ ክሬም ለፈረንጅ ብቻ ነው የምንለውን ነገር ለሌላ ቀን ላቆየው።)

አሁኑኑ ቤትዎ የሚያደርጉት አንድ ነገር አለ። በጀርባዎ ተኝተው መስታወት ከላይ ይያዙና ፊትዎን ይዩ። ተኝተው ጉንጭዎ ሞልቶ፣ ከአፍንጫ ጎን ወደ አፍ የሚወርደው መስመር ጠፍቶ ካገኙት ዋናው ችግርዎ የቆዳ መርገብ ነው፣ መሙያ ብቻውን አያነሳውም። ተኝተውም ጉድጓዱ እዚያው ካለ በእርግጥም ጎድሏል።

ጉድጓዱ የት ላይ እንደሆነም ይለዩ። ከዓይን ሥር፣ የጉንጭ አጥንቱ ላይ ከሆነ አንድ ነገር ነው። ከጉንጭ አጥንት በታች፣ ጥርስና ጥርስ በሚገናኙበት አቅጣጫ ከሆነ ግን ጣቴ መጀመሪያ የሚጠቁመው ጥርስዎን ነው። ሦስት የላይኛ መንጋጋ ጥርስ ማለት ለጉንጭ ግድግዳ ማለት ነው። ግድግዳው ሲነሳ አጥንቱም ባለበት አይቆይም፣ ይሟሟል፣ ጉንጩም ወደ ውስጥ ይገባል። የጥርስ ሐኪም ጋ ሄደው የሚወልቅ ሰው ሠራሽ ጥርስ ብቻ አስገብተው የሚፈልጉትን ግማሹን አግኝተው የተመለሱ ታካሚዎች አሉኝ፤ ለመሙያ ያሰቡት ገንዘብ በኪሳቸው ቀረ። ጥርሱ መቅደም አለበት የምለው ሌላም ምክንያት ስላለ ነው፦ የአፍ ባክቴሪያ በጥርስ ሥራ ጊዜ ወደ ደም ይገባል፣ አዲስ የተሞላ ጉንጭም ማረፊያ ሊሆነው ይችላል። በጥርስ ሥራና በመሙያ መካከል ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይኑር።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የቀረ ጉድለት ካለ ለእርስዎ የምመርጠው ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው። ምክንያቴ አንድ ነው፦ ይመለሳል። ሃያሉሮኒክ አሲድ ቆዳችን ራሱ የሚሠራው፣ ውሃ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው፤ በመርፌ የሚገባው ቶሎ እንዳይሟሟ እርስ በርሱ የተሳሰረ ጄል ነው። ካልወደዱት፣ ከበዛ ወይም ችግር ካመጣ ሃያሉሮኒዴዝ የሚባል ኢንዛይም ተወግቶ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ይሟሟል። ሌላ ማንኛውም መሙያ እንዲህ ዓይነት መፍቻ የለውም። ለጉንጭ የሚሆነው ወፈር ያለው ዓይነት ነው፤ ከታወቁት አንዱ ጁቪደርም ቮሉማ ነው፣ አሜሪካ ለጉንጭ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። እንደ ዓይነቱና እንደ ሰዉ ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ይቆያል።

መጠኑ ላይ ሰው ይሳሳታል። አንድ ሲሪንጅ 1 ሚሊ ሊትር ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ይይዛል። ማለትም አንድ ሲሪንጅ ለሁለት ጉንጭ ተካፍሎ የማንኪያዋ አንድ አሥረኛ ነው በየጎኑ የሚደርሰው። «በአንድ ሲሪንጅ ፊትሽን እለውጠዋለሁ» የሚልም፣ ገና በመጀመሪያው ቀን ስድስት ሲሪንጅ የሚደረድርም አይመቸኝም። እኔ በመጀመሪያው ቀን ሁለት አድርጌ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት እጠብቃለሁ፣ ካነሰ እጨምራለሁ። ዋጋውን ሲጠይቁ በሲሪንጅ ነው ወይስ በጠቅላላ ብለው ይጠይቁ፤ ጭቅጭቁ ሁልጊዜ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። የጉንጭ አጥንቱ ላይ፣ ወደ ጥልቁ ሲገባ ከታች ያለውንም ትንሽ ያነሳዋል። ከአጥንቱ በታች ያለው ጉድጓድ ግን ሲያወሩና ሲያኝኩ የሚንቀሳቀስ ቦታ ነው፤ እዚያ ብዙ ጄል ከገባ ሲስቁ ጓጉሎ ይታያል። እዚያ ቦታ ስስታም ሐኪም ይሻላል።

ፖሊ ላክቲክ አሲድ፣ በገበያ ስሙ ስካልፕትራ፣ ለዚያ ለታችኛው ጉድጓድ ይሻላል። ከሚሟሙ የቀዶ ሕክምና ክሮች ጋር ዘመድ የሆነ ነገር ነው፤ ራሱ አይሞላም፣ ቆዳው የራሱን ኮላጅን፣ ቆዳን የሚያጠነክረውን ፕሮቲን፣ እንዲሠራ ይቀሰቅሰዋል። በተወጉበት ቀን የሚያዩት ሙላት የተበጠበጠበት ውሃ ነው፣ በሁለት በሦስት ቀን ይሄዳል፤ ታካሚዎች ደንግጠው የሚደውሉልኝም ያኔ ነው። ሦስት ጊዜ ያህል፣ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት እየተራራቀ ይሰጣል፣ ውጤቱ በወራት ይመጣል፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቆያል። በቀን አምስት ጊዜ፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ለአምስት ቀን ካላሹት ሊጓጉል ይችላል። ለጥር ሰርግ አይደርስልዎትም። ካልሲየም ሃይድሮክሲአፓታይት አጥንትና ጥርስ ከተሠሩበት ማዕድን የሚዘጋጅ ነው፣ ከአንድ ዓመት እስከ ዓመት ተኩል ይቆያል፤ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን መፍቻ የለውምና ለመጀመሪያ ጊዜ አልመክረውም።

የራስዎን ስብ ስለጠየቁት፦ አሮጌ ሐሳብ ነው። ኖይበር የሚባል ጀርመናዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1893 ከክንድ ስብ ወስዶ የጎደጎደ የፊት ጠባሳ ሞልቶበታል። ዛሬ ከሆድ ወይም ከጭን በቀጭን ቱቦ ይመጠጣል፣ ይጣራል፣ በጠብታ በጠብታ ፊት ላይ ይተከላል። የተተከለው ሁሉ አይጸድቅም፤ ግማሹ ቢጸድቅ ጥሩ ነው፣ አንዳንዱ ላይ ያንሳል። የጸደቀው ግን ለዓመታት የእርስዎ ነው፣ ሲወፍሩ ይወፍራል ሲከሱ ይከሳል። ችግሩ እብጠቱ ሳምንታት ይወስዳል፣ እውነተኛው ውጤት የሚታየው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ነው፣ ሥራውም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪምና የቀዶ ሕክምና ክፍል ይጠይቃል። ጠባሳዎ የሚያብጥ፣ ኬሎይድ የሚወጣብዎት ከሆነ አስቀድመው ይንገሩ። ብዙ ጎድሎብዎት ጊዜ ቢኖርዎት ኖሮ ስብን ከሁሉም አስቀድም ነበር። የሲሊኮን የጉንጭ ተተኪ በአፍ ውስጥ ተቀዶ አጥንት ላይ የሚቀመጥ ሌላ አማራጭ ነው፤ ለእርስዎ አላነሳውም።

ወደ ሳሎኑ ልምጣ። «አሥር ዓመት የሚቆይ» የተባለውን ስም ጠይቀው ያውቃሉ? ከሰውነት ጠፍቶ የማያልቅ መርፌ ብዙውን ጊዜ ፈሳሽ ሲሊኮን ወይም ፖሊአክሪላማይድ ጄል ነው። ፈሳሽ ሲሊኮንን ፊት ለመሙላት የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ፈቅዶ አያውቅም፤ ፖሊአክሪላማይድ ጄልን ደግሞ ቻይና ብዙ ሴቶች ከተጎዱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2006 አግዳዋለች። ችግራቸው ዛሬ አለመታየቱ ነው። አንድ ታካሚዬ በአንድ ሳሎን ተወግታ ሁለት ዓመት ሙሉ ደስተኛ ነበረች። በሦስተኛው ዓመት ጉንፋን ይዟት ሲለቃት ሁለቱም ጉንጮቿ ቀሉ፣ ጠጠሩ፣ አበጡ። ምን እንደተወጋች ስጠይቃት የነገረችኝ የልጅቷን ስም ነው፤ የመርፌውን ስም አታውቀውም። በቀዶ ሕክምና ያወጣነው ያወጣነውን ያህል ነው፣ የቀረው ከሥጋዋ ጋር ተዋህዷል። ፊት ዓመት በዓመት ይለወጣል፤ የማይለወጥ ነገር ውስጡ ካስቀመጡ በ60 ዓመትዎ የ47 ዓመት ጉብታ ይዘው ይቆማሉ።

ጉዳት የለውም ወይ ላሉት፣ አለው፣ በተማረ እጅም ቢሆን። መበለዝና እብጠት የተለመደ ነው፣ ከቀናት እስከ ሳምንት ይሄዳል። የምንፈራው መሙያው ደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ መግባቱን ነው። ከመንጋጋ ተነስቶ በአፍንጫ ጎን የሚወጣው ደም ቅዳ ከዓይን የደም ሥሮች ጋር ይገናኛል፤ ስለዚህ ጉንጭ ላይ የተወጋ ጄል ቆዳ ሊያከስል፣ እጅግ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። ምልክቱ ኃይለኛ ሕመም፣ የቆዳ መንጣት፣ ቀጥሎ እንደ መረብ የተዝረከረከ ሰማያዊነት ነው። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ መንጣቱ በቀላሉ አይታይም፤ ስለዚህ በጣት ተጭነን ስንለቀው ደሙ በሁለት ሰከንድ ገደማ መመለሱን እናያለን። ካልተመለሰ ኢንዛይሙ እዚያው፣ ወዲያው፣ በብዛት ይሰጣል። የዓይን ከሆነ ያለን ጊዜ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፤ ያንን ደግሞ የአዲስ አበባ መንገድ ብቻውን ይበላዋል። ስለዚህ የትም ይሂዱ የት፣ ከመተኛትዎ በፊት «ሃያሉሮኒዴዝ እዚህ ቤት አለ? ፍሪጁን ያሳዩኝ» ይበሉ። የሚከፋ ሐኪም ቢኖር ይክፋው። ሣጥኑ ፊትዎ ይከፈት፣ የምርቱ ስምና ቁጥር የተለጠፈበት ወረቀት ይሰጥዎ፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ተመዝግቦ የገባ መሆኑንም ይጠይቁ። በሻንጣ ከውጭ የመጣ ነው ካሉዎት ተነሥተው ይውጡ።

ሌሎች የሚወራላቸውን በአጭሩ ልለፍ። ክር ማስገባት ያነሳል እንጂ አይሞላም። አልትራሳውንድና ሬዲዮ ፍሪኩዌንሲ ቆዳ ያጠባብቃሉ፣ በጥልቀት ከተሠሩ ግን የቀረችዎትን ስብ ሊያቀልጡ ስለሚችሉ ለከሳ ፊት አልወዳቸውም። የፊት ስፖርት ላይ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ጉንጭ ትንሽ ሞላ ብሏል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግን 16 ሴቶች ብቻ ነበሩ፣ ለሳምንታትም በየቀኑ 30 ደቂቃ ሠርተዋል። አይጎዳም። አብሽ ካወፈረዎት ጠቅላላ ሰውነትዎን ነው። ቅቤ መቀባት ቆዳ ያለሰልሳል፣ በቃ። የሚያቀላ ክሬም የሚቀቡ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ስቴሮይድ አለ፣ የሳሳ ቆዳ ደግሞ ጉድጓዱን ያጎላዋል።

እንግዲህ የሰርጉ ነገር። በዚህ ሳምንት ክኒኑና የደም ምርመራው። ኅዳር ላይ ጥርስ። ምርመራው ንጹሕ ከሆነና ሐኪሙ ስቴሮይዱን አስቁሞ ከጨረሰ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሃያሉሮኒክ አሲድ፣ ከሰርጉ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድሞ፣ የተበለዘው ጠፍቶ ማስተካከያም ጊዜ እንዲኖረው። በሐኪም ያልታዘዘ አስፕሪንና አይቡፕሮፌን ካለ አንድ ሳምንት ቀድመው ይተዉ፤ የታዘዘልዎት ከሆነ ግን አይንኩት። ከተወጉ በኋላ ለሁለት ቀን ስቲምና ሞሮኮ ባዝ የለም። ስቴሮይዱ እስከዚያ ካላለቀ ሰርጉን በአዲሱ ጥርስና በጥሩ ሜካፕ ያሳልፉት፣ ጉንጩን ለየካቲት እናቆየው።

ምርመራው በሽታ ካሳየ ጉንጩ ይቆይና ሕክምናው ይቅደም። አንድ ጎን የመነመነ ወይም በቃጠሎና በጉዳት የጎደለ ፊት ላለው ሌላ አንባቢ ደግሞ፦ የግል ክሊኒክ ከመዞር በፊት የጥቁር አንበሳንና የአለርትን የቆዳ ክፍል፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12ን የቃጠሎና የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይሞክር።

የመረጡት ሐኪም ጋ ሲሄዱ በ30 እና በ40 ዓመትዎ የተነሱትን ፎቶ ይያዙ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያም ይሆናል። የተዋናይ ፎቶ አይያዙ፤ የምንመልሰው የእርስዎን ጉንጭ ነው። ሜካፕ ሳይቀቡ፣ ጥርሱን አድርገው ይሂዱ።